የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በወረርሽኝ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን ደጅ መዝጋት በደል ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። እኔ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ገጠር፣ የአንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ፣ በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን ወደ ቅጽሩ እንዳይገቡ በር ላይ ቆመን እንድንከለክል ከተመደብነው አንዱ እኔ ነበርሁ። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ከድንጋዩ አጥር ውጭ ቆሞ እያለቀሰ ያስቀድስ ነበር። ኪዳን ሳያደርሱ የማይውሉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ደጁን ብቻ ተሳልሜ ልመለስ» ብለው ቢለምኑኝ አላስገባኋቸውም። እኒያ እናት በዚያው ዓመት ክረምት በሌላ ሕመም ዐረፉ። በጸሎተ ሐሙስ ደግሞ አንድ የቀበሌ ሹም ሚሊሻ አስከትሎ መጣና፣ በውስጥ ያሉት አምስቱ ልዑካን (የሚቀድሱት ካህናትና ዲያቆናት) ብቻ እንደሆኑ እየነገርነው፣ «ቅዳሴውም ይቅር፣ ቤተ መቅደሱ ይዘጋ» አለ። ካህናቱ ግን እምቢ ብለው ቀደሱ። ዛሬ በጽዋ ማኅበራችን ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር እንከፋፈላለን። ገሚሱ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ይገባ ነበር፣ መንግሥትን ፈርታችሁ የእግዚአብሔርን ቤት ዘጋችሁ» ይለናል፤ ገሚሱ ደግሞ የሮሜን መልእክት ጠቅሶ ያጸድቀናል። በሩን መዝጋቴ በደል ነውን? እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢመጣስ ውሳኔው የማን ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ወይስ የቀበሌ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ያን ዘመን ብዙዎች ረስተውት እርስዎ ግን እስከ ዛሬ በልብዎ ይዘውት ስለሚጨነቁበት እግዚአብሔር ይስጥልን። የመልሱን ፍሬ አስቀድሜ ልንገርዎ። ሕዝቡ እንዳይጨናነቅ በሩን መዝጋትዎ በደል አይደለም። ቅዳሴው ይቅር ያለው ሹም ግን የእርሱ ያልሆነውን ነክቷል፤ ካህናቱም እምቢ ማለታቸው ተገቢ ነበር። በጽዋ ማኅበራችሁ ያለው ክርክር መቋጫ ያጣው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተፈጸሙትን እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ነገር ስለምታዩአቸው ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ነገሩን በጊዜው ቅደም ተከተል እናስታውሰው። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በሚያዝያ 2 አጸደቀው። የዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ቀን ስለነበር አዋጁና ሰሙነ ሕማማት ተከታትለው መጡ። ሰው የሚዘነጋው ግን በዚያው ወቅት ቅዱስ ሲኖዶስም አገልግሎቱ በተወሰኑ ልዑካን እየተከናወነ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ መመሪያ መስጠቱን ነው። ስለዚህ እርስዎ በር ላይ የቆሙት መንግሥትን ፈርተው ብቻ አልነበረም፤ የገዛ አባቶችዎን ቃል ጠብቀው ጭምር ነው። «መንግሥትን ፈርታችሁ» የሚለው ክስ ከመነሻው ጎደሎ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ካረጋገጠ በኋላ፣ በንዑስ አንቀጽ 5 ሃይማኖትን በተግባር የመግለጥ መብት ሊገደብ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የሕዝብ ጤና አንዱ ነው። አንቀጽ 93 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከሚታወጅባቸው ምክንያቶች መካከል የሕዝብን ጤንነት አደጋ ላይ የሚጥል በሽታን በግልጽ ያነሣል። ከዚህ እንደሚታየው መንግሥት በወረርሽኝ ጊዜ የሕዝብን መሰብሰብ የመገደብ ሥልጣን አለው። ነገር ግን ሥልጣኑ በምክንያቱ የታጠረ ነው፤ ለጤና ተብሎ የተሰጠ ሥልጣን ለጤና ከሚያስፈልገው በላይ አያልፍም።

አሁን ወደ መጻሕፍት ቃል እንምጣ። «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለው በሐዋርያት ሥራ 5፥29 ተጽፎ ይገኛል። ሐዋርያት ይህን የተናገሩት በኢየሱስ ስም እንዳያስተምሩ በተከለከሉ ጊዜ ነው፤ የተከለከሉት እምነቱን ራሱን ነበር። ዳንኤልም ወደ አንበሶች ጉድጓድ የተጣለው ለ30 ቀን ከንጉሡ በቀር ማንንም እንዳይለምን የሚያዝዝ፣ ለእርሱ ተብሎ የተጠመደ ሕግ ስለወጣበት ነው። እስኪ የ2012ቱን ትእዛዝ ከእነዚህ አጠገብ አድርገን እንመርምረው። ጸሎት አልተከለከለም፤ የክርስቶስን ስም መጥራትም አልተከለከለም። ትምህርት ቤቱም፣ ስብሰባውም፣ ሠርጉም፣ የመስጊድ ሶላቱም በአንድነት ተገድበዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 13 ባለ ሥልጣንን «ለመልካም ነገር ለአንተ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው» ያለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ትእዛዙ ገበያውንና የፖለቲካውን ስብሰባ ትቶ ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ለይቶ ቢያጠቃ ኖሮ፣ ወይም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ቢቀጥል ኖሮ፣ መልሴ ሌላ በሆነ ነበር።

ጉዳዩን ከሁሉ ይልቅ የሚያጠራልኝ የንጉሥ ዖዝያን ታሪክ ነው፤ ጊዜ ወስደው በ2ኛ ዜና መዋዕል 26 እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ። ዖዝያን ክፉ ንጉሥ አልነበረም። ግንብ የሠራ፣ ጉድጓድ ያስቆፈረ፣ እርሻ የሚወድድ፣ ሠራዊቱን ያደራጀ ንጉሥ ነው። በበረታ ጊዜ ግን ልቡ ታበየና በዕጣን መሠዊያው ላይ ሊያጥን ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። ካህኑ ዓዛርያስ ሰማንያ ካህናት አስከትሎ ገባና ማጠን የካህናት እንጂ የንጉሥ አለመሆኑን ፊት ለፊት ነግሮ ከመቅደሱ እንዲወጣ አዘዘው። ንጉሡ ማጠንቱን በእጁ እንደያዘ ሲቆጣ ለምጽ በግንባሩ ላይ ወጣበት። ከዚያስ? እስኪሞት ድረስ በተለየ ቤት ተቀመጠ፤ ከእግዚአብሔርም ቤት ተለይቶ ነበር። እንግዲህ በዚህ አንድ ምዕራፍ ውስጥ የእርስዎ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ተመልሰዋል። ንጉሥ በመሠዊያው ላይ ሥልጣን የለውም፤ ካህናትም ይህን በአክብሮት ግን ያለ ፍርሃት ሊነግሩት ይገባል። በሌላ በኩል ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል የተባለ ሕመም ያለበት ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ከጉባኤው ተለይቶ ይቀመጣል። ይህን መለየት ያዘዘውም በዘሌዋውያን 13 የተጻፈው የእግዚአብሔር ሕግ ነው።

በእናንተ ደጅ የሆነው ይኸው ነው። በሥርዓታችን ቅዳሴ በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት ይከናወናል። አምስት ልዑካን በመቅደስ ውስጥ ቆመው መሥዋዕት ሲያቀርቡ ወረርሽኙን የሚያባብስ ነገር አልነበረም። ሹሙ «ሕዝቡ ተራርቆ ይቁም» ቢል ሥራው ነው፤ «ቅዳሴው ይቅር» ሲል ግን የዖዝያንን ማጠንት ጨብጧል። ካህናቱ ሳይሰድቡት፣ ሳይደባደቡ፣ ሥራቸውን ፈጽመው መውጣታቸው ያስመሰግናቸዋል።

ወንድሞቻችን «ሰማዕታት ደማቸውን አፍስሰው ያቆዩልንን ሃይማኖት ሳል ፈርታችሁ ተዋችሁት» እንደሚሉም አውቃለሁ። ቃሉ ከቅንዓት የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። ነገር ግን ሰማዕት የሚሰጠው የራሱን አንገት ነው። በሚተላለፍ በሽታ ጊዜ ተጨናንቆ የሚቆም ሰው የሚያስይዘው የራሱን ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የቆሙትን ሽማግሌ፣ በጀርባ የታዘለውን ሕፃን፣ ቤት የቀረችውን አራስ ጭምር ነው። እነርሱ ደግሞ ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም። ጌታችን ዲያብሎስ በመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞት የመዝሙሩን ቃል እየጠቀሰ «ራስህን ወርውር» ባለው ጊዜ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መልሶለታል። ቦታው ቤተ መቅደስ፣ የተጠቀሰውም መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ ያም ሆኖ ፈተና ነበር።

ቸነፈር ለአገራችን ክርስቲያኖች እንግዳ ነገር አይደለም። ሩቅ ሳንሄድ እዚያው የዞናችሁ ከተማ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተቀምጠው በነገሡበት ዘመን ብርቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ሕዝብ እንደ ረገፈ፣ ንጉሡም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩና ሙታን ሳይቀበሩ እንዳይቀሩ እንዳዘዙ በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል። በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ደግሞ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ በምናቃጥልበት ጢስ እስከ ዛሬ እናስበዋለን። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ስደትና ወረርሽኝ በተከታተሉበት ጊዜ የጻፈውን የትንሣኤ መልእክት የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቆይቶልናል። በእርሱ ውስጥ ሊቀ ጳጳሱ እርሻውም፣ ምድረ በዳውም፣ መርከቡም፣ ማደሪያ ቤቱም፣ ወኅኒውም በዓል የሚያከብሩበት ስፍራ እንደ ሆነላቸው ይናገራል። በዓላቸውን ከአዳራሽ ውጭ ማክበራቸው ከክርስትናቸው አላጎደለባቸውም። በዚያው መልእክት ክርስቲያኖች የታመሙትን ሳይሸሹ እንዳስታመሙ፣ ብዙዎቹም አብረው እንደሞቱ ይመሰክራል።

በዚህ ላይ ግን ከእናንተ ወገን ያለውንም ጉድለት ሳልናገር አላልፍም። በ2012 የተሰጠው ምክር በአብዛኛው የከተማን ሰው ያሰበ ነበር፤ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ምእመናን በቤታቸው ይከታተሉ ተባለ። መብራት ባልገባበት በመንዝ ቀበሌ ይህ ቃል ምን ይጠቅማል? ቴሌቪዥን በሌለበት አገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ከቴሌቪዥን የሚበልጥ ነገር አላት፤ እርሱም የነፍስ አባት ነው። በሥርዓታችን እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሙን የሚያውቅ፣ ኀዘኑንና ኑዛዜውን የሚሰማ ካህን አለው። ቅጽሩ ሲዘጋ ካህናቱ በየመንደሩ መውጣት ነበረባቸው። ካህኑ በአጥሩ ማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ ከእርሻው ዳር ቆሞ የታመመውን ስም ጠርቶ ይጸልይለታል፤ ያዘነውን ያጽናናል፤ ውዳሴ ማርያምና ዳዊት የማንበብ ዕድል የሌለውን ቤተሰብ ቢያንስ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በየሰዓቱ እንዲያደርስ ያዝዛል። የ40 እና የ80 ቀን ጥምቀት በወላጅ፣ በክርስትና አባት ወይም እናትና በአገልጋዮች ብቻ ይፈጸማል። ፍትሐቱ በጥቂት ካህናት ይደርሳል፤ ተዝካሩን ግን ማቆየት ይቻላል። ብዙ አጥቢያዎች በሩን ዘግተው መቆለፊያውን ይዘው ተቀመጡ እንጂ ይህን አላደረጉም፤ ሕዝቡ «ተጣልን» ያለውም ስለዚህ ነው። የሙሴ እኅት ማርያም ለምጽ በወጣባት ጊዜ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተቀምጣለች። ነገር ግን ኦሪት ዘኍልቁ 12፥15 ሕዝቡ እርስዋ እስክትመለስ ድረስ እንዳልተጓዘ ይነግረናል። ከሰፈር የተለየችውን ጥሎ የሄደ አልነበረም።

ስለ እኒያ እናት። እንዳይገቡ መከልከልዎ ጸሎታቸውን አልከለከለም። ደጁን ሊሳለሙ የመጡበትን ልብ የተቀበለ አምላክ፣ በአጥሩ ውጭ በመቆማቸው አይመልሳቸውም፤ ወደ ቅጽሩ መግባት ያልቻለ ምእመን በመንገድ ላይ ቆሞ አማትቦ ቢሳለም ቤተ ክርስቲያን «ሳይሳለም ቀረ» አትለውም። እርስዎን የሚከብድዎ ግን ሥራዎ ብቻ ሳይሆን አነጋገርዎም ሊሆን ይችላልና፣ በቁጣ መልሰዋቸው እንደ ሆነ ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ በዓመታቸውም ስማቸው በጸሎት እንዲነሣ ያድርጉ። ልጆቻቸው ባካባቢው ካሉም ሄደው ያነጋግሯቸው። ይህን የምልዎ በደለኛ ነዎት ብዬ አይደለም፤ ከዚያች ቀን ጋር የተያያዘው ኀዘን በክርክር ስለማይወጣ ነው።

ዳግም ቢመጣ ውሳኔው የማን ነው ላሉት፣ ሕዝብ በአንድ ቦታ ስንት ሆኖ ይቁም፣ ተራርቆ ይቁም፣ ለጊዜው ይቅር የሚለውን መንግሥት ሊወስን ይችላል። ቅዳሴ በማን፣ እንዴትና በምን ይቀደስ፣ ሥጋ ወደሙ እንዴት ይሰጥ፣ መስቀል ይሳለም ወይስ በሩቅ ይባረክ የሚለውን የምትወስነው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ናት፤ በዚህ ላይ የጤና ባለሙያ ይመክራል እንጂ አያዝዝም። የእኔ ምክር ግን ከዚህም ያልፋል። የሰበካ ጉባኤያችሁ ሹሙ ደጅ ላይ እስኪቆም አይጠብቅ። ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ተቀምጣችሁ፣ ወረርሽኝ ቢገባ የትኞቹ ልዑካን በፈረቃ እንደሚቀድሱ፣ የትኛው ካህን የትኛውን ጎጥ እንደሚዞር፣ ሕዝቡ በቅጽሩ ውስጥ ከየት እስከ የት ተራርቆ እንደሚቆም፣ ለታመመው ቤት እህልና ውኃ ማን እንደሚያደርስ በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ ለወረዳው ቤተ ክህነትና ለቀበሌው አንድ አንድ ቅጂ ስጡ። እርስዎ ጸሐፊው ነዎትና ይህ ሥራ በእጅዎ ነው። የመንዝ ቅጽር ሰፊ ነው፤ ብዙው ሕዝብ ከቤተ መቅደሱ ውጭ በዛፉ ሥር ቆሞ ማስቀደስ ልማዱ ስለሆነ፣ በሚገባ ከታሰበበት ሁሉን መከልከል ሳያስፈልግ ይቀር ይሆናል።

ሹም ከሥልጣኑ ቢያልፍ ደግሞ ድንጋይ ማንሣት የክርስቲያን አይደለም፤ ዝም ብሎ መዋጥም ግዴታ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈ በኋላ በስውር ሊለቁት ሲሉ ባለ ሥልጣኖቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ጽፋችሁ በሀገረ ስብከታችሁ በኩል ለበላይ አካል አቅርቡ። በጸሎተ ሐሙስ የሆነውን ካልጻፋችሁት፣ ያዩት ካህናት በሕይወት ሳሉ አሁንም ጻፉት።

ጥያቄ፦ እኔ በደብረ ብርሃን የምኖር የጤና ባለሙያና የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። ኮሌራ በሚያሰጋበት ክረምት ወደ ጠበል ቦታ ለሥራ ስንላክ፣ መጸዳጃ ቤት ይቆፈር፣ ውኃው በቧንቧ ይውረድ ስንል ምእመናን «ጠበል ያድናል እንጂ አያሳምምም፣ እናንተ እምነት የላችሁም» ይሉናል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጠበሉ ያድናል ብለው ይመልሱላቸው፤ እርስዎም ያምናሉና። ነገር ግን ችግሩ የሚመጣው በጠበሉ ዙሪያ ከሚሰፍረው ሰው ነው። በዞናችን ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያምን የመሰሉ፣ ከሩቅ አገር ሕመምተኛ የሚጎርፍባቸው ቦታዎች አሉ። ብዙ ሕመምተኛ ለሱባኤ በአንድ ሸለቆ ሲሰፍር፣ ሜዳው መጸዳጃ ሲሆን፣ ዝናቡም ያን ጠራርጎ ወደሚጠጣው ውኃ ሲያወርደው ኮሌራ ይነሣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ፣ በበርሚል ጊዮርጊስ በተሰበሰቡ ጠበልተኞች መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው አልቋል። በኦሪት ዘዳግም 23 እግዚአብሔር ለእስራኤል ከሰፈር ውጭ ቆፍረው እንዲጸዳዱና ዐፈር እንዲመልሱበት ያዘዘው በሰፈራቸው መካከል ስለሚሄድ ነው፤ ጠበል ቦታማ ይልቁን የቅድስና ሰፈር ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገራል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር ሊወስዱት እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ በተቅማጥ የተያዘ ሰው ለምለም (በውኃ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገር) እየጠጣ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ እምነቱን አልካደም፤ ኮሌራ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ሱባኤው እስኪያልቅ ማለት አይገባም።

ነገሩን ግን በመጀመሪያ ለሕዝቡ አይንገሩት። ለቦታው አስተዳዳሪና ለአጥማቂው ካህን ለብቻቸው ያስረዷቸው፤ ውኃው በአሸንዳ ወይም በቧንቧ እየወረደ በየራሱ ዕቃ እንዲቀዳ፣ ጽዋ ከምንጩ ውስጥ እንዳይነከር፣ መጸዳጃው ከምንጩ በታች ባለው ቁልቁለት እንዲቆፈር የሚነግሩት እነርሱ ይሁኑ። ከእርስዎ አፍ ሲሰሙት የመንግሥት ትእዛዝ የሚመስላቸው ነገር፣ ካህኑ መስቀል ይዞ ሲነግራቸው የቦታው ሥርዓት ይሆንላቸዋል።